ሽማግሌ ስታይ የምትጠፋው መኪና

ይድረስ በሰው አገር ላለኸው ወንድሜ ለታምሩ፣ ጆሃንስበርግ።

ናፍቆት ያዘለ ሰላምታዬ ስንቱን ድንበር ተሻግሮ ከሱቅህ ደጃፍ ይድረስልኝ። እንዴት ነህ ታምሩዬ? እንደምን ከርመሃል? ሰውነትህ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ነገር ተሻለህ ወይስ አሁንም ካርቶኑን ብቻህን ትሸከማለህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እኛን ሲበርደን እናንተን ይሞቃችኋል ትለኝ የለ፤ እንግዲህ የኅዳር ብርድ እኛን ሲቆነጥጠን አንተ በሸሚዝ ነህ ማለት ነው። ምግብህን በሰዓቱ ብላ። እዚያ አካባቢ ግርግር አለ የሚል ወሬ በሰማን ቁጥር አባባ ስልካቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ነው የሚውሉት፤ በአጭሩም ቢሆን ደህና መሆንህን ቶሎ ቶሎ አሳውቀን።

እኛ እዚህ ቡታጅራ፣ ለጌታ ክብር ይሁን፣ ሁላችንም ደህና ነን። አባባ ጉልበታቸውን ትንሽ ከማመማቸው በቀር ደህና ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ከዘራቸውን ይዘው ከጎረቤታችን ከሃሊማ ሱቅ ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ከእኩዮቻቸው ጋር ይቀመጣሉ፣ የመጪ ሂያጁን ሰላምታ ይቀበላሉ። ልጅህ ሆሳዕና አድጋብሃለች፤ ቁመቷ ወዳንተ ነው፣ ጥያቄዋ ግን ወደ እናቷ ነው፣ አያልቅም። ሚስትህ ማርታም ደህና ናት። ስለ እሷ ግን በአንድ መስመር አላልፍም፤ ይህ ሁሉ ወረቀት የእሷ ነገር ነው። እኔ እህትህ የሺ ያው እንደምታውቀኝ ነኝ፤ ጉልበቴ ደክሟል፣ ምላሴ አልደከመም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስፈለገ ትል ይሆናል። ስልኩማ አለ፤ አንተ መቼ ታስጨርሰኛለህ? አፌን ስከፍት «እሺ እትዬ፣ እሺ፣ ደንበኛ መጣብኝ» ትለኛለህ። ኔትወርኩም ያንተ ወገን ነው መሰለኝ ልክ ልቆጣህ ስል ይቋረጣል። ወረቀት አይቋረጥም። የሃሊማ ወንድም ወደዚያ ስለሚመለስ በእጁ ሰጥቼዋለሁ፤ ቆመህ እየሸጥክ ሳይሆን ቁጭ ብለህ አንብበው።

ነገሩ የመኪናዋ ነው። «ፒክአፗ በሽተኛ ናት፣ ማርታም አልቻለቻትም፣ ዮናታን ገዢ አግኝቷል፣ አባባ ይፈርሙለትና ይሽጣት» ብለህ የላክኸው ቃል ደርሶናል። ውክልናው በአባባ እጅ ስለሆነ እሳቸውም እሺ ብለው ነበር። እኔ ግን ከመነሻው ልንገርህ፣ አልተሸጠችም። እንዳትሸጥም ልለምንህ ነው ቁጭ ያልኩት፤ ልመናዬን ካልሰማህ ታላቅህ ነኝና እቆጣሃለሁ።

መኪናዋ ከሄደች ማርታ ሥራ የላትም። ይህ ነገር እዚያ ሆነህ በደንብ የገባህ አይመስለኝም። አንተ የሄድክ ሰሞን የነበረችው ማርታ፣ ስልክ በጠራ ቁጥር «ታምሩ ላከ?» እያለች የምትደነግጠው ማርታ፣ ዛሬ የለችም። አሁን ከአገና ገበያ ቆጮና ቡላ ትጭናለች፤ ከዚህ ደግሞ ቃሪያውን፣ ቲማቲሙን፣ ጎመኑን ትጭንና ወልቂጤ ላሉት ምግብ ቤቶች ታደርሳለች። ባለ ምግብ ቤቶቹ ስሟን አያውቁም፣ «ሰዓት አክባሪዋ» ነው የሚሏት። ኧረ እኔ እህትህ ወንድ ልጅ እንዲህ ዳገት ሲወጣ አላየሁም! ጭነቱን ራሷ ታስራለች፣ ገመዱን በእግሯ ረግጣ ነው የምትወጥረው። ያቺን መኪና ከእጇ መውሰድ ምን ማለት እንደሆነ አሁን ገባህ?

አሁን ስለ መጥፋቱ ልንገርህ። አንተ ዘንድ የደረሰው ወሬ የተጣመመው ገና ከመጀመሪያው ነው። ያን ዕለት ማርታ ከወልቂጤ ደወለችልኝና «እትዬ፣ መኪናዋ ጠፋችብኝ!» አለችኝ። እኔ ታዲያ ምን ልበል? ጮኽኩ። ሃሊማ የኔን ጩኸት ሰምታ ጮኸች። የአጎታችን ልጅ ዮናታን ባጃጁን አቁሞ ገባና «ምንድነው?» ቢል «መኪናዋ ጠፋች!» አልነው። እሱ እቴ መች ይቆያል፣ እዚያው ቆሞ አንተ ዘንድ ደወለ። የባጃጅ ጓደኞቹን ሁሉ ጠርቶ በየመውጫው አሰማራቸው፤ ነጭ ፒክአፕ የያዘ ሰው ሁሉ ያን ቀን ሌባ ነበር። እኔ ትንፋሼን ሰብስቤ መልሼ ደወልኩና «ልጄ፣ መጨረሻ የት ቦታ ነው ያየሻት?» አልኳት። «ኧረ እትዬ፣ እላይዋ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የማናግርሽ!» አለችኝ። ለካ ሞተሩ ጠፋ ማለቷ ነው! አንተ ግን እዚያ ሆነህ መኪናህ ተሰርቃ፣ ተገኝታ፣ ደግሞ ተበላሽታ በአንድ ቀን ሰማህ። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይሉ የለ፤ አንተ መላውን ትተህ ደም ግፊቱን ጨመርክ።

የመጥፋቱ ነገር በራሱ በሽታ አልነበረም። መጀመሪያ የመጣች ሰሞን መንገድ ላይ ስትቆም ሞተሩ ጸጥ ይላል፣ ማርታ እግሯን ከፍሬኑ ስታነሳ ደግሞ ራሱ ይነሳል። እኛ ደንግጠን ልናብድ ደረስን። ሃሊማ ናት ያረጋጋችን። «ጅዳ የሠራሁበት ቤት መኪና እንዲህ ነበር፤ መብራት ላይ ስትቆም ትተኛለች፣ ልትሄድ ስትል ትነቃለች። ነዳጅ እንዳይባክን ነው፣ ወላሂ አትፍሩ» አለችን። ከዚያ በኋላማ ወደድኳት! የነዳጅ ሰልፍ ላይ አብሬያት ተቀምጬ አውቃለሁ፤ ሌላው መኪና ሁሉ ናፍታ ለማግኘት ናፍታውን እያቃጠለ ሲንደቀደቅ እሷ ዝም ብላ ተኝታ ትጠብቃለች። እንዲህ ያለ ጨዋ መኪና ማን አይቶ ያውቃል?

ችግሩ አንዳንድ ቀን ከተኛች አለመንቃቷ ነበር። ጉዱ ደግሞ ይህ የሚሆነው ሰው ባለበት መሆኑ ነው፣ ያውም ትልቅ ሰው ባለበት። ከሃሊማ ሱቅ ፊት አባባና ጓደኞቻቸው ተቀምጠው እያዩ ጠፋች። አገና ገበያ ላይ ሸንጎ የሚቀመጡት አዛውንቶች ፊት ጠፋች። ወልቂጤ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አቶ አምሀ ፊት ጠፋች፤ ያ ነው እንግዲህ «ጠፋችብኝ» ያስባላት። ብቻዋን ስትሆን ግን ምንም። የከተማ አፍ ደግሞ ታውቀዋለህ፣ «የማርታ መኪና ሽማግሌ ስታይ ትጠፋለች» ተባለ። አንዳንዱ የሆነ አዛውንት አዝኖባት ረግሟት ነው አለ። ማርታ ማንን አስቀይማ ታውቃለች? እኔ በንዴት እንጀራ አልዋጥ ብሎኝ ነበር።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን የዮናታን ነገር ነው። መኪናዋ በጠፋች ቁጥር ማርታ ቁልፉን ብታዞር ብታዞር እንቢ ትላታለች፤ እሱ መጥቶ ቁጭ ይልና አንዴ ሲነካት ቡር! ትነሳለች። አገና ላይም አንድ የሚኒባስ ሹፌር ነው እንዲሁ ያስነሳላት። «እትዬ የሺ፣ አትናደጂ፣ ይቺ የወንድ እጅ ነው የምትፈልገው፤ ማርቲ ሳትጎዳ ብትሸጥ ይሻላል» ይለኛል ሳቅ እያለ። ልጁ ክፉ አይደለም፣ ታውቀዋለህ፤ ግን ያን ቀን በጥፊ ባልኩት ደስ ይለኝ ነበር። ምን ላድርግ፣ ዓይኔ እያየ ለእሱ ትነሳለች፣ ለእሷ አትነሳም።

ጋራዥም ወስደናታል። ምንተስኖት መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ባትሪውን ለካ፣ ሞተሪኖውን አየ፣ ሽቦውን አንድ በአንድ ዳሰሰ። እግዜር ይስጠው ሐቀኛ ሰው ነው፤ ባትሪ ቀይሩ፣ ይህን ግዙ ያንን ግዙ ብሎ አላሯሯጠንም። «እኔ ዘንድ ስትመጣ ጤነኛ ናት። ያላየሁትን በሽታ አላክምም። ስትጠፋ ማንም ሳይነካት ጥሩኝ» አለን። ግን ማን ሳይነካት ይቆያል? እሱ እስኪመጣ አሥር ሹፌር ተሰብስቦ አስነስቷት ይሄዳል።

ማርታን ታዲያ ምን ልበልህ ታምሩ። እኔ ብሆን አልቅሼ ቁልፉን ወርውሬ ነበር። እሷ አላለቀሰችም፣ ከማንም ጋር አፍ አልተካፈተችም። ሽያጩ ቅዳሜ ሊሆን ነው የተባለ ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጎመን እየለቀመች ድንገት እጇን አቆመችና «እትዬ፣ መኪና ሽማግሌ አታውቅም» አለችኝ። «ምን ማለትሽ ነው?» ብላት «ሽማግሌ የማውቅ እኔ ነኝ። እኔ ሽማግሌ ሳይ ምንድነው የማደርገው?» አለች። አየህ አስተሳሰቧን? ከተማው ሁሉ መኪናዋን ሲመረምር እሷ ራሷን መረመረች። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚባለው ይሄ ነው።

ወዲያው ጎመኑን ጥላ ተነሳች። ከቤታችን ጀርባ ወዳለው ኮረኮንች መንገድ መኪናዋን አወጣችና እኔን ሽማግሌ አደረገችኝ። የአባባን ጋቢ ለበስኩ፣ ከዘራቸውን ያዝኩ፣ የቀረኝ ጢም ብቻ ነው። ሃሊማ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ ስታየኝ «አስታግፊሩላህ! የሺ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ብላ በሳቅ ልትሞት ደረሰች። ማርታ ግን ፊቷ እንደ ፈተና ተማሪ ነበር። መጀመሪያ መጥታ አጠገቤ ቆመች፣ ሞተሩ ጸጥ አለ፣ በመስኮት «እንደምን ዋሉ አባቴ» አለችኝ፣ እግሯን አነሳች፣ መኪናዋ ነቅታ ሄደች። ዞራ መጣች። አሁን ደግሞ እንደ ወትሮዋ፣ እንዳሳደጓት አደረገች። ትልቅ ሰው ቆሞ አይጠብቅም ብላ እግሯ ፍሬን ላይ እንዳለ ቀበቶዋን ፈታች፣ በሩን ከፈተች፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበች፣ ወርዳ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ። ተመልሳ ገባች። መኪናዋ ሬሳ!

ሃሊማ ሳቋን አቆመች። «ያ አላህ» አለች። ማርታ ግን ፊቷ በራ። ደጋግማ ሞከረችው፤ እኔን ጋቢው እያላበኝ ስንት ጊዜ ሰላም እንዳለችኝ አትጠይቀኝ። ቀበቶዋን ብቻ ስትፈታ መኪናዋ ትነቃለች። ቀበቶውን ፈትታ በሩንም ስትከፍት ግን ሹፌሬ ጥሎኝ ሄደ ብላ ጭልጥ አድርጋ ትተኛለች፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ብትነካካት አትሰማም፣ በቁልፍ ካልተቀሰቀሰች። እርግጥ በሩ ሲከፈት ትንጫጫለች፤ በር ሲከፈት የማይንጫጫ መኪና የለምና ማንም ጆሮ አልሰጣትም። ቁልፉ ታዲያ ለምን እንቢ ይላታል ያልክ እንደሆነ፣ ማርታ ለሰላምታ ስትጣደፍ ማርሹን መሄጃው ላይ ትታው ነው የምትወርደው። እንዲህ ያለችው ኦቶማቲክ መኪና ደግሞ ማርሿ መሄጃው ላይ እያለ ቁልፍ አትቀበልም። ዮናታን ግን ገና ቁጭ ሲል ማርሹን ወደ ማቆሚያው የመግፋት፣ ቁልፉንም አጥፍቶ እንደገና የማዞር ልማድ አለው። የወንድ እጅ የተባለው ተአምር ይኸው ነው! ምንተስኖት ሲሰማ እሷንም አልማራትም፤ ማርሽ መሄጃው ላይ ትቶ መውረድ ሰው ያስጨርሳል ብሎ ተቆጣት፣ እሷም ልክ ነህ አለችው። በዚያው ላይ ግን እጇን ጨብጦ «ይህን እኔ አላገኘሁትም፣ አንቺ አገኘሽው» አላት።

ዮናታንና ሌሎቹ ሹፌሮች ለምን እንዲህ እንደማይገጥማቸው ገባህ አይደል? አይወርዱማ! ዮናታን የገዛ አባቱን እንኳ በክላክስ ነው ሰላም የሚለው። መኪናዋ ያስቸገረችው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ትልቅ ሰው አክብሮ የሚወርደውን።

ቅዳሜ ጠዋት ገዢው ከደላላው ጋር መጣ። አባባ ከአግዳሚው ላይ ናቸው፣ ጓደኞቻቸውም አሉ፣ ዮናታን ወዲያ ወዲህ ይላል። ማርታ ነጠላዋን አስተካክላ ከአባባ ፊት ቆመችና «አባባ፣ ትሸጥ ካሉ ትሸጥ። በሽተኛ ተብላ ግን አትሸጥ። አንድ ጊዜ ብቻ ይዩኝ» አለቻቸው። አባባ በከዘራቸው መንገዱን አሳዩዋት። 

ሄዳ ዞራ መጣች። ከአግዳሚው ፊት ቆመች፣ ሞተሩ ጸጥ አለ። አልወረደችም። አንገቷን ደፍታ በመስኮት «እንደምን አደራችሁ» ስትል ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር፤ ሽማግሌዎቹም እርስ በርሳቸው ተያዩ። መኪናዋ ነቅታ ሄደች። እንደገና መጣች፤ አሁን ወረደች፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ጎንበስ ብላ ጨበጠች፣ ተመልሳ ገባች። ጠፋች። ዮናታን «ይኸው! አላልኳችሁም?» ብሎ ወደ መኪናዋ ሮጠ። ማርታ እጇን ዘርግታ አስቆመችው። ማርሹን ወደ ማቆሚያው ገፋች፣ ቁልፉን አጠፋች፣ ፍሬኑን ረገጠች፣ አዞረች። ተነሳች! ከዚያ ለእኔ እንዳስረዳችኝ አድርጋ ለአባባ ሁሉንም አስረዳቻቸው።

አባባ ከዘራቸውን መሬት ላይ እያንቀሳቀሱ ቆዩና «እንግዲህ ይህቺ ልጅ ሰላም ሳትለን ብታልፍ ኖሮ፣ መኪናዋ አንድ ቀንም ባላስቸገረቻት ነበር?» አሉ። «አዎ አባባ» አለች ማርታ። «ለእኛ ስትወርድ ነው የምትጠፋባት?» አሉ ደግሞ። ማርታ መሬት መሬት አየች። «እኛ ደግሞ ቁጭ ብለን ስናማት!» አሉ።

ከዚያ አባባ ተነሱ። ታምሩ፣ አባባ ለማን ተነስተው ያውቃሉ? ለፓስተሩ እንኳ ጉልበቴን ብለው ከተቀመጡበት ነው እጃቸውን የሚሰጡት። ከዘራቸውን ተደግፈው ቀጥ ብለው ቆሙና ለልጃቸው ሚስት «ኖር ልጄ» አሏት። እሳቸው ሲነሱ ሌሎቹም ሽማግሌዎች ተነሱ። ማርታ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፍቷት ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። እኔ አለቀስኩ። ሃሊማ የሱቋን በር ተደግፋ አለቀሰች። አባባ ወደ ገዢው ዞረው «ወንድሜ፣ አድክመንሃልና ይቅር በለን። መኪናዋ ጤነኛ ናት፤ የተበላሸው ወሬው ነው። አልፈርምም» አሉት። ሰውየውም ጨዋ ነው፣ «እኔም ብሆን አልሸጣትም» ብሎ ሄደ። ዮናታን አንገቱን እያከከ «አቦ እትዬ፣ ተሸወድኩ» አለኝ። በማግስቱ ባጃጁን አቁሞ ወርዶ አባቱን ሲጨብጥ አይቼዋለሁ፤ አባቱ ምን ሆነህ ነው ታመምክ እንዴ ብለው ደነገጡ።

መተኛቷን የሚያስቀር ቁልፍ አላት፣ እሱን ተጫኚና ጭራሽ እንዳትተኛ አድርጊያት ያላትም ነበር። ማርታ ግን «ናፍታ የሚቆጥብልኝን ልማድ ለምን አስተዋታለሁ? እኔ የኔን አስተካክላለሁ» አለች። አሁን ሽማግሌ ስታይ ማርሹን ወደ ማቆሚያው ትገፋለች፣ ቁልፉን ታጠፋለች፣ ትወርዳለች። አባባ ደግሞ በዚህ አይስማሙም። ጠዋት ነጭ ፒክአፕ ከማዶ ብቅ ስትል ገና ከሩቁ ከዘራቸውን ይዘው ይነሱና ወደ መንገዱ ያመራሉ፤ «አትውረጂ! አትውረጂ ልጄ፣ እኔ እመጣለሁ!» እያሉ እስከ መስኮቷ ሄደው ይጨብጧታል። እሷ «ኧረ አባባ፣ እንዴት ተቀምጬ!» ትላለች። ሂሳብ እኔ ልክፈል እኔ ልክፈል እንደሚባባሉ ሰዎች በየቀኑ ጠዋት ይጣላሉ። አንዳንድ ቀን እሳቸው ያሸንፋሉ፣ አንዳንድ ቀን እሷ። የአባባ ጉልበትም በእግር መሄዱ ሳይበጀው አልቀረም።

አሁን ወዳንተ ልመለስ። ማርታ እንዳትነግሪው ብላኛለች፤ እኔ ግን እነግርሃለሁ፣ ምስጢር መያዝ አልችልም፣ ታውቀኛለህ። ስትደውልላት የመጀመሪያ ቃልህ «መኪናዋ እንዴት ናት?» ነው። «ደህና ናት» ትልሃለች። ከዚያ ስለ ጎማው ትጠይቃታለህ፣ ስለ ጭነቱ ትጠይቃታለህ፣ ደንበኛ ይመጣብሃል፣ ይዘጋል። እሷ የተዘጋውን ስልክ ይዛ ትንሽ ትቆያለች፣ ከዚያ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ለማታውቀው መንገደኛ አዛውንት መኪና አቁማ የምትወርድ ሴት፣ ከባሏ አንዲት «እንዴት ነሽ» ስታጣ በዓይኔ አየሁ፤ አንጀቴ ተቃጠለ። ክፋት እንደሌለህ አውቃለሁ። ቸኩለህ ነው፣ ደክሞህ ነው፣ በሰው አገር ልብህ ሁልጊዜ እንደተንጠለጠለ ነው። ቢሆንም ታምሩዬ፣ አንተም ለእሷ ስትል አንድ ጊዜ ከመኪናዋ ላይ ውረድ።

አባባ ሰላም ብለውሃል፤ ጸሎታቸው ካንተ ጋር ነው፣ ለመስቀል ያልመጣህበትን አልረሱትም፣ ለቀጣዩ ግን ኮርማ እያሰቡልህ ነው። ሆሳዕና «አባዬ ሲመጣ ጋቢና ውስጥ ማን መስኮት በኩል ነው የሚቀመጠው?» ትልሃለች፣ መልሱን አሁኑኑ ትፈልጋለች። ሃሊማ «አሰላሙ አለይኩም በይው፤ ወንድሜን አደራ» ብላሃለች። ዮናታንም እጅ ነስቷል፣ አትቆጣው። ምንተስኖት መካኒኩ ሰላም ብሎሃል። እኔም ሁለቱን ጉንጭህን ስሜሃለሁ።

የማርታን ሰላምታ ግን እዚህ አልጻፍኩትም። ብለምናት «ቀድሞ ሰላም ይበለኝና እኔም እመልሳለሁ» አለችኝ። ይህን ጨርሰህ ስታጥፈው ደውልላት። ስለ መኪናዋ እንዳትጠይቃት፤ ስለ መኪናዋ እኔ ነግሬሃለሁ።

እህትህ የሺ
ቡታጅራ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.